የዋንዛው ዳሌ

ሚያዝያ 30፣ ረቡዕ

ዛሬ ሱቃችን ዳሌ ገባ። በፌስታል ተጠቅልሎ።

ያመጣችው ከመሰላ ጤና ጣቢያ የመጣች አዋላጅ ናት፤ ሲስተር ዓይናዲስ ትባላለች። አነጋገሯ የጎጃም ነው። ፌስታሉን ፈትታ ነጩን የፕላስቲክ አጥንት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ በክሪ መላጊያውን አቁሞ «ያ ረቢ፣ ይሄ የማን ነው?» አለ። በክሪ ይህን ሱቅ ከኔ ጋር የከፈተ አናጢ ነው፤ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም።

«የማንም አይደለም፣ ማስተማሪያ ነው» አለችው። የሴት ዳሌ አጥንት፣ በልኩ የተሠራ። ከሐረር ተውሳ ያመጣችው ነው፣ በሰኔ አጋማሽ ትመልሰዋለች። ከዚያ በፊት መሰላ ላይ ሥልጠና ትሰጣለች፤ ከመቻራና ከገለምሶም አዋላጆች ይመጣሉ። ሲመለሱ ለየወረዳቸው አንዳንድ ይዘው እንዲሄዱ ትፈልጋለች። በእንጨት፣ ሦስት።

«ጋሽ ህሩይ፣ የእርስዎ ማሽን ዕቃ ዳስሶ ይቀዳል ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

እውነት ነው፣ ይቀዳል። የሶፋ እግር ቀድቻለሁ፣ የአልጋ ራስጌ አበባ፣ የበር አንበሳ። ማሽኑ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ነው፤ ለመቅዳት ሲሆን በመቁረጫው ቦታ መርፌ ይገባለታል፤ መርፌዋ ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ አላት። ከላይ ወርዳ ዕቃውን ትነካና ትመለሳለች፣ ኮምፒውተሩ የነካችበትን ቦታ ይይዛል። ፈቀቅ ብላ ደግሞ ትነካለች። ነጥቡ ሺህ በሺህ ሲሆን ዕቃው ኮምፒውተሩ ላይ ይወለዳል።

ይወለዳል ብዬ ጻፍኩ። ይሁን፣ አልሰርዘውም።

እንቢ ልላት ነበር። ጥልቅ ነገር፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ነገር ለዚህች መርፌ አይመችም፤ ምክንያት አላጣሁም። አፌ ግን ቀድሞኝ «እንሞክራለን» አለ።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ልደታ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሏል። እህቴ እትዬ የሺሐረግ ሁለቴ መጥታ ጠራችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። በበዓል ቀን ማሽን እንደማላስነሳ ታውቃለች፣ ግን አልተከራከረችኝም። ዘንድሮም እንደ ሌላው ጊዜ አልወጣሁም።

ምርቃቱ አጥር አይከለክለውም። «የወለደም ያሳድግ፣ ያልወለደም ይውለድ» ሲሉ፣ አሜን ሲባል፣ ሁሉም ይሰማል። ሬዲዮ ከፈትኩ።

ወደ ማታ ንፍሮውን በሳህን ይዛልኝ መጣች። በላሁ። ጨው በዝቶበታል።

ግንቦት 2፣ ዓርብ

ዳሌውን ሰሌዳ ላይ አሰርኩ። መርፌዋን ገጠምኩ። ጥቂት ረድፍ እንደሄደች መብራት ጠፋ። ሌላ የለም።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ጢቅ፣ ጢቅ። ይህች መርፌ ከላይ ወደ ታች እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም። ከሥር የተደበቀውን አታይም። ስለዚህ ዕቃው ይገለበጣል፣ ደግሞ ይገለበጣል። በየግልባጩ ቦታው እንዳይጠፋብኝ ሰሌዳው ላይ ሚስማር ተክያለሁ፤ ኮምፒውተሩ መልኮቹን በሚስማሮቹ ያጋጥማቸዋል። በክሪ «ጥብስ ነው እንዴ የምታገላብጠው?» ይለኛል። መንገድ ላይ ምን እንደሚወራም ነገረኝ። ህሩይ የሰው አጥንት ሱቁ አስገብቶ ማታ ማታ በመርፌ ይወጋል እየተባለ ነው። ጫት የያዘ ሰው ወሬ አያጣም።

ከውጭው ጀመርኩ። ጀርባው፣ ጎኑ፣ ሰፋፊ ክንፎቹ። ጥርት ብሎ መጣ። መሃሉን በኋላ እደርስበታለሁ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

የውጭው አለቀ ማለት ይቻላል። አንድ ጎን አላማረኝም፣ ደገምኩት። ከዚያ ሌላውንም ደገምኩት።

ከሰዓት አንድ ጎልማሳ መጥቶ የሕፃን አልጋ ሊያዝ ፈለገ። በክሪ እኔን ሳያይ «እሱን እኛ አንሠራም፣ ወንድሜ። ወደ ታች ውረድና ጠይቅ» አለው። ሰውየው ዙሪያውን፣ የቆመውን ሳንቃ፣ ማሽኑን አየ። «አናጢ ሆናችሁ?» አለ። «አዎ፣ አናጢ ሆነን» አለው በክሪ። እኔ መርፌዋን እየተመለከትኩ ነበር።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

መሃሉን ሞከርኩ። መርፌዋ አጭር ናት። ኳሷ ግድግዳውን ሳትነካ አንገቷ ጠርዙን ይነካል፣ ማሽኑም ደረስኩ ብሎ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ ግድግዳ ሠራ።

ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ረዥም መርፌ አበጀሁ፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣኋትን ኳስ አጣበቅኩ። ወደ ታች ወረደች። ግን ትወዛወዛለች፣ ስትወዛወዝ ትዋሻለች። እንደ አንዳንድ ሰው።

ተውኩት። አጭር ናት፣ ረዥሟም አትሆንም። ምን ላድርግ?

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ሲስተር ዓይናዲስ መድኃኒት ልትወስድ ጭሮ መጥታ ጎራ አለች። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ክንፎቹን፣ ጀርባውን እያዞረች አየች። መሃሉ ባዶ ጥቁር ነው።

«ጋሽ ህሩይ፣ የቀረው እኮ ዋናው ነው» አለች። «ልጅ በክንፉ አይወጣም።»

በክሪ ሳቀ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቅሁ። መርፌዋ እንደማትደርስ፣ ማሽኑ እንደዚህ ላለ ነገር እንዳልተሠራ ነገርኳት። መሰንጠቅ ቢቻል ጥሩ ነበር አልኳት፣ ግን የተዋሰችው ዕቃ ነው፣ አይሰነጠቅም። ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ አራገፍኩ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉ የለ? ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ከዚያ በድንገት «ልጆች አሉዎት?» አለችኝ።

«የሉም።»

 ስትሄድ እንዲህ አለች፦ «ከመቻራ የምትመጣ ሰርካ የምትባል ልጅ አለች። ጤና ኬላዋ ከመንገድ የራቀ ነው። ዝናብ ሲጥል መኪና አይገባም፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት። እጇ ማወቅ አለበት። በሥዕል አሳየኋት፣ እጅ ግን ከሥዕል አይማርም።»

መቻራ። የዚያን መንገድ እኔም አውቀዋለሁ።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ዘዴው ተገኘ፤ ያገኘሁትም ኮርኒስ ሠራተኞች ጄሶ ሲያቦኩ ቆሜ ሳይ ነው። መግባት ካልቻልኩ ባዶውን ማውጣት እችላለሁ። ጉድጓዱን በጄሶ ብሞላው፣ የሚወጣው የጉድጓዱ መልክ ነው። ያን ጊዜ መርፌዋ ከውጭ ትዳስሰዋለች፤ ጥልቅ የነበረው ጉብታ ይሆናል።

ዳሌውን በቫዝሊን ቀባሁት። መሃሉን ለሁለት የሚከፍል ስስ ቆርቆሮ አቆምኩ፣ አለዚያ ጄሶው ከነጠመመበት አይወጣም። ታቹን በጭቃ ደፍኜ አፈሰስኩ። በክሪ የዓሱር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ ጠጥሮ ነበር። ግማሹ ወጣ። ሌላው ግማሽም ወጣ። አጋጠምኳቸው።

ከላይ ወደ ጎን ሰፋ ይላል። ከታች ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚረዝመው። መሃል ላይ መንገዱ ይዞራል። እንደዚህ መሆኑን ማን ያውቃል? ሰው ሁሉ በዚህ ነው ያለፈው፣ የሚያልፈው። በሁለት እጄ ይዤው ቆየሁ። ጄሶ ሲጠጥር ይሞቃል፣ ገና ለብ ያለ ነበር። ክብደቱን ከምን ጋር እንደማመሳስለው አላወቅኩም፤ ሕፃን ታቅፌ አላውቅም።

በክሪ «ኦቦሌሳ፣ አስቀምጠው እንጂ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ሲያዝንልኝ በኦሮምኛ ይጠራኛል። ጋቢዬን አጥፌ እላዩ ላይ አስተኛሁት። ጄሶ በደንብ ሳይደርቅ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ጠርዙ ይላጣል፣ ለዚያ ነው።

ግንቦት 19፣ ሰኞ

ጄሶው ላይ ጉድጓዶች አሉ። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ ትንሿ ጣት የምትገባባቸው። የአየር አረፋ ነው። ጄሶ በጥድፊያ ከተቦካ አየር ይይዛል፣ ማንም ያውቀዋል። በስቱኮ ሞላኋቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው።

በክሪ ከመሙላቴ በፊት አይቶ ነበር። «ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው። አረፋ እንዲህ ይሰለፋል?» አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። እንደዚያ ልናገረው አይገባኝም ነበር።

ግማሾቹን በጠፍጣፋ ጎናቸው ሰሌዳው ላይ አስተኛኋቸው። መርፌዋ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ተመላለሰች። መብራትም አልጠፋ። እንደዚህ ያለ የለሰለሰ ሥራ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ዋንዛ ቆረጥን። ማሽኑ ሁለቱን ክንፍና የጀርባውን አጥንት ለየብቻ ቀረጸ፤ እኔና በክሪ በኮላ አጋጠምናቸው፣ በሞርሳ አሰርናቸው። አንዱ ደርሷል። ሲስተር አይታ ትወደው እንደሆነ ሁለቱን እንቀጥላለን።

እትዬ የሺሐረግ ምሳ ይዛ መጥታ አየችው። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ደግ ሥራ ነው» አለች። ከዚያ ደግሞ «እንቁን እንዲህ ያለ ቀን አላገኛትም» አለች። እቤታችን ይህ ስም ከተጠራ ቆይቷል። ሳህኑን ተቀብያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ሲስተር ዓይናዲስ ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት ይዛ መጣች። ጭንቅላቱ ጠንካራ ነው፣ የአራስ ልጅ ልክ። ዋንዛውን ዳሌ ወደ ብርሃን አወጣች፣ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ «እንዴት ያምራል» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ የአሻንጉሊቱን ጭንቅላት ከላይ አስገባችና ለቀቀችው።

ወደቀ። ሳይነካ፣ ሳይዞር አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ደገመችው። አሁንም ወደቀ። ሁለት ጣቶቿን ወደ ውስጥ ሰዳ ፈለገች። ፕላስቲኩን አንስታ እዚያም ውስጥ ፈለገች፣ የኔንም እጅ ይዛ አስገባችው። ከቀኝና ከግራ ወደ መሃል ሾል ብለው የወጡ ሁለት አጥንቶች በጣቴ ነካሁ።

«እነዚህ የት ሄዱ?» አለችኝ። «ልጅ የሚያዘው እዚህ ነው። እኛም ምን ያህል እንደወረደ የምናውቀው እነዚህን ነክተን ነው።»

ጄሶው ላይ ጉድጓድ ሆነው የወጡት እነሱ ናቸው፤ አረፋ መስለውኝ ሞላኋቸው አልኳት። ጄሶ አየር ይይዛል አልኳት። በክሪ እንጨት ማገላበጥ ጀመረ። እሷ ዳሌውን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ጋሽ ህሩይ» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚህኛው እኮ ማንም አይሞትም።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን፣ በክሪና የሺ ሳልነግራቸው የሚያውቁትን።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። እዚህም ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እንቁ ሚስቴ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ፣ ወጉ ነው፣ ሆዷ ሲገፋ መቻራ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሚኒባስ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አልጋውን ቫርኒሽ እንዳትቀባው፣ ሽታው ለልጅ አይሆንም» አለችኝ። አልቀባሁትም። ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ደጋግሜ አሸሁት፣ እጅ ላይ እስኪንሸራተት።

ምጡ የመጣው በዝናብ ነው። ልጁ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ አሉኝ። ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ አደሩ። ግፊ አሏት፣ ገፋች። መኪና ተገኘ፣ መኪናውም ጭቃ ውስጥ ገባ። እኔ ስደርስ እሷም እሱም አልነበሩም። ወንድ ነበር። ቢኖር ዘንድሮ ፊደል ይቆጥር ነበር።

ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማሁ፦ «ምን ይደረግ፣ ዳሌዋ ጠባብ ነበር። ጠባብ ሴት አይወጣላትም።» ለክፋት ብላ አይደለም የተናገረችው። እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ቀረሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቀስ በቀስ እንቁን ሳስባት ሳቋ ሳይሆን ጥበቷ ይመጣብኝ ጀመር። ጎኗን አውቀው ነበር፣ አቅፌው የተኛሁት ጎን ነው። ምኑ ነው የጠበበው? ለሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲባል እሰማለሁ፤ ለኔ ሚስት ማርያም መንገድ ያጣችላት ለምንድነው?

እነዚያ ጉድጓዶች አረፋ አለመሆናቸውን አውቅ ነበር። በክሪ ሳይነግረኝም አውቅ ነበር። ስቱኮውን ስሞላ እጄ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር፣ እንዲያልፍ። ትናፍቀኛለች። ይኸው ተጻፈ።

ዓይናዲስ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «ማዘኔ በቃል አይገለጥም» አለችኝ። ከዚያ «ሰፊውን ግን ለሰርካ አልሰጣትም። በሰፊው የተማረች እጅ ጠባቡ ላይ ትገድላለች» አለች። ልክ ናት።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ስቱኮውን በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁ። ሲጠነክር እንዴት እንደሚጠነክር። ጉድጓዶቹ እንደነበሩ ወጡ። በክሪን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ዲሲ» አለ፣ ተወው ማለት ነው፣ ፋኖስ ያዘልኝ።

መርፌዋን መልሼ ሰደድኩ። ሁለቱ ቦታ ላይ ስትደርስ ጠልቃ ወረደች። አላስቆምኳትም።

ሰኔ 5። ዝናብ። መብራት ሲመጣ እንሠራለን፣ ሲሄድ በእጅ እናለሰልሳለን።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ሦስቱም ደረሱ። በፕላስቲኩ ውስጥና በዋንዛዎቹ ውስጥ ጣቴን እያስገባሁ አስተያየሁ። ሾሎቹ አሉ፣ በቦታቸው። ሰፊውን በክሪ ምን እናድርገው አለኝ። ለሁለት ሰንጥቀን ለሙጫ ማፍያ አነደድነው። ደረቅ ዋንዛ ስለሆነ ቶሎ ያዘ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

መሰላ ነኝ። ዕቃውን አድርሼ ልመለስ ነበር፤ ሲስተር «ሠሪው ሳያይ?» ብላ አስቀረችኝ። በሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሴቶቹ ግን ከመጤፍ አልቆጠሩኝም።

ሰርካ ቀጭን፣ ጠይም፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ተራዋ ሲደርስ ዳሌውን ጭኖቿ መሃል አቆመችው። ሲስተር አሻንጉሊቱን ከላይ አስገባች። ወረደ፣ ወረደ፣ ሾሎቹ ጋ ቆመ። ሰርካ ከሥር ይዛ ሳበች። አልመጣም። ደግማ ሳበች፣ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ነበር።

«አትሳቢ» አለቻት ዓይናዲስ፣ እጇን ይዛ። «ፊቱ ወደ ጎን ነው። አልጠበበውም፣ አልዞረም። ጣትሽን አስገቢና አዙሪው። ሁልጊዜ ይሆናል አልልሽም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሆናል።»

ሰርካ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ ገቡ። የእጇ አንጓ በዝግታ ዞረ፣ ጭንቅላቱም አብሮ ዞረ፣ በሁለቱ ሾሎች መሃል ሾልኮ እጇ ላይ መጣ። ከኋላ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም እየሳቁ ተከተሏት። ሰርካ «ልድገመው» ብላ መልሳ አስገባችው። ደግሞ አለፈ። ከዚያ ለአጠገቧ ሴት አቀበለቻት፣ በሷም እጅ አለፈ።

ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቷል። ውስጥ አሁንም እየቆጠሩ እያዞሩ ነው፣ እልልታው እስከ ውጭ ይሰማል።

እንቁዬ፣ በጠባቡ አለፈ። አንድ ሚሊ እንኳ አላሰፋሁትም፣ እንዳለ ነው ያለፈው። አንቺ ጠባብ አልነበርሽም። የሚያዞር እጅ ነው የታጣው።